ሁለት ጣት

ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣
ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ አሊጋዝ ጋራዥ ስገባ።
ላንድክሩዘሬ አሮጊት ናት፣ ጉልበቷ የከዳት፣
ጉብታ ባየች ቁጥር ሲቃ የሚቀድማት።

ጭነቴ እንቁላል ነው፤ ከደላንታ ደሴ፣
በገለባ ደርድሬ፣ ቆጥሬው በራሴ።
በሽሎን ወርጄ ወጥቼ፣ ኩታበር ሣጥን ብከፍት፣
ከአሥሩ ሁለቱ ፈሶ፣ ገለባው አደይ መስሎበት።

"ከፍ አድርግልኝ" አልኩት፤ "ድንጋዩ ሆዷን ይልሳል፤
የደሴ ልጆች መኪና እኮ፣ በሬ ከሥሩ ያርሳል!"
አሊጋዝ አልሳቀም። እጁን በናፍጣ ታጠበ፣
ከሥሯ ገብቶ ተንጋለለ፣ ብረት ብረቱን አነበበ።

"ያ በሬ ያርስበታል ያልከው፣ ቆሞ ነው የሚያምር፤
ሐረጎ ኩርባው ላይ ግን፣ በጎኑ ተኝቶ ነው የሚያድር።
ከፍታ ብድር ነው ልጄ፤ አንድ ጣት በጨመርክ ቁጥር
ክሮቸራው አንገቱን ሰብሮ፣ የፍሬን ቱቦው ሲወጠር፣
መሪው አንተን ትቶ ከነፋስ ጋር ሲማከር..."

"ስንት ይበቃታል?" አልኩት።
እጁን ከሥር አወጣ፤ ሁለት ጣት።
ጥቁር፣ ግሪስ የጠጡ፣ አንዱ ጥፍር የሌለበት።

ሸዋ በር፣ ዘይነባ ሱቅ፣ መደርደሪያው እስከ ጣራ፤
ሞላው በቀይ፣ በሰማያዊ፣ ተደራርቦ ሲያበራ።
"ጠንካራውን?" አለች፣ "ለሲሚንቶ የሚሆነውን?
ወይስ ለስላሳውን፣ ሙሽራ የሚጭነውን?"
"ስሄድ ሲሚንቶና ምስማር፣ ስመለስ እንቁላል" አልኳት፤
ሳቀች። "ለዚህችማ መኪና ሁለት ባል ነው የሚያሻት።"

ሞላ አነሣሁ፣ ሞላ ጣልኩ። ስሙን ማን አወጣለት?
የእኔ ኪስ እየጎደለ፣ እሱ ሞላ የሚባልበት!
በሽሎም ሐምሌ ሲሞላ ያው ነው፣ መንገድ የሚጎድልበት።

ጨነቀኝ፣ ደወልኩለት። አሊጋዝ ከወዲያ፦
"ሞላ ያነሣሃል፤ ማንሣትማ ቀላል፤
የሚመልስህ አሞርዛተር ነው፤ እሱ ካልያዘው ይዘላል፣
ያኔ ነው የሚሰበር እንቁላል።
ከኋላ ባሌስትራው ላይ አንዲት ቅጠል ጨምር፣ አንዲት ብቻ፤
ሁለት ብትል ወገብህ በጤና አይደርስም ኮምቦልቻ።
ጎሚኒውን እንዳትረሳ። ያለ ጎሚኒ ብረት ከብረት
እንደ ጣውንት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ንትርክ ያለበት።"

ገዛሁ፤ የሁለት ወር ትርፌን፣ ጥርሴን ነክሼ፣
ከሚያብለጨልጨው ሰማያዊ ዐይኔን በግድ መልሼ።

ስታፋውን አጠበቀ፣ ፈታ፣ ደግሞ አጠበቀ፤
"አየር ላይ ተንጠልጥላ አትታሰርም" አለ፣ ክሪኩን እያራቀ፤
"በገዛ ክብደቷ ትቁም፤ ያኔ ይታወቃል ልኳ፤
ሸክም ሳትይዝ የተለካች፣ ስትሸከም ይጠፋል መልኳ።"

የወለቀው ባሌስትራ አልተጣለም፤ ብረት ሠሪው ሙሔ ወሰደው፣
ለሰኔ ማረሻ ሊያደርገው፣
በላዩ የሄደበትን አፈር ከሥር ገብቶ ሊቀድደው።
በሬ ያርሳል ያልኩት ቀልድ በባሌስትራዬ ሆነ፤
አሊጋዝ ያን ጊዜ ሳቀ፤ የተኛው ውሻ ባነነ።

ኅዳር ላይ፣ በሽሎን ወጥቼ፣ ኩታበር ሣጥን ከፈትኩ፤
ገለባው ደረቅ ነው። ከመቶው ስድስት ስብር ቆጠርኩ።
"ስድስት!" አልኩት በስልክ። "ስድስት ምን?" "ስድስት ከመቶ!"
"አሁንም ብዙ ነው" አለ፤ ዝም አለና፣ ቆይቶ፣
"የቀረው ቀኝ እግርህ ነው፤ እሱን እኔ አልፈታው፣
ዘይነባም አትሸጠው።"
ስልኩን ዘጋው።
እኔም ስድስቱን ለሻይ ቤቷ ሰጥቼ፣ በሚጥሚጣ አስጠበስኳቸው።