ሰባት ክንድ፣ ዛጎል

ታክሲው ዞሮ ሲመለስ፣ አስፋልቱ ሲያልቅበት፣
ከቱሉ ዲምቱ ማዶ ነው የጋሽ ደምመላሽ ቤት፤
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ውሃ በአሥር ቀን አንዴ የሚደርስበት።

የሳሎኑን ስንጥቅ የሸፈነበት ካርታ
ምንጣፍ ያክላል፤ አይጥ ዳሩን በልታ
የተወችው።
ምጽዋና ዳህላክ፣ በሸራ መርከብ ዘመን የተለካ፤
«ባሕር ኃይሉ ሲበተን
ልብሴን ትቼ ይህን ጠቀለልኩ» ይላል።
መሬቱ ነጭ ነው፣ ባዶ። ባሕሩ ግን በቁጥር ታጭቋል፣
ተልባ የፈሰሰበት ይመስላል።

«ይህ ሁሉ ቁጥር» አለኝ «በእጅ የተሳበ ነው።
ከባድ እርሳስ በገመድ አስረው፣ ሥሩን ሞራ ቀብተው
ይለቁታል ወደ ጥልቁ፤ ሲነካ ገመዱ ይላላል፣
ክንዱ ይቆጠራል፣
ሞራው ከወለሉ የያዘውን ይዞ ይመጣል፤
ሰባት ክንድ፣ ዛጎል፤ አሥራ አንድ ክንድ፣ ጭቃ፣
እንዲህ እያሉ ነው፣ ዓመቱ እስኪያበቃ።»

«የበሬ ሞራ?» ብዬ ሳቅኩ።
«የበሬ ሞራ!
ረቡዕ ዓርብ አያውቅም፣ ባሕር ላይ ሲሠራ።»

«እኛስ የት ነን?»
ጣቱ ከዳርቻው ተነሣ፣
ከመርከብ የሚታዩትን የተራራ ጥርሶች አለፈ፣
ባዶውን አቋረጠ፣ ከወረቀቱ ወረደ፣
ግድግዳው ላይ፣ ከሶኬቱ ጎን ቆመ።
«እዚህ።»

እኔ ቀያሽ ነኝ፤ ከሳሎኑ ጀርባ ያለችው ክፍል ተከራይ።
በማግሥቱ ከተማው የሚያልቅበት ወረድኩ፣
ትከሻዬ ላይ ባለ ሦስት እግሩ፣ እጄ ላይ ቀይ ቀለም።
ከወዲህ ብሎኬት፣ ከወዲያ የጤፍ ማሳ፤
ነፋስ ሲመጣ ማሳው ይተኛል፣ ይነሣል፣
ከመጨረሻው ግንብ ሥር ደርሶ ይመለሳል።

ኦቦ ጉርሜሳ መጥተው ቆሙ።
የተከልኩትን ችካል አዩ፤ አልተናገሩም።
ቆይተው፣ ቆይተው፣ በዱላቸው ጫፍ ስም ጠሩልኝ፤
ለረግረጉ ስም፣ ለድንጋዩ ስም፣
አባታቸው በሬ ለሞተባቸው ጉድባ ስም።
መሣሪያዬ ለስም ቦታ የለውም፤
ነጥብ አንድ መቶ አሥራ አራት ይላል።

አንድ የዳህላክ ዓሣ አጥማጅ ነበር አሉ፣
ከለኪዎቹ ጀልባ ተቀምጦ የየቋጥኙን ስም የሚጠራ።
እንደሰሙት ጻፉት።
የእሱን የጻፈ የለም።

ዘንጉን ነቀልኩ፣ ጫፉ ላይ የተጣበቀውን በጣቴ አሸሁት፤
ከማስታወሻዬ ዳር፣ በእርሳስ፣
ስሞቹን እንደሰማሁ፣ ምናልባት አሳስቼ፤ ከሥራቸው፦
አንድ ስንዝር፣ መረሬ።
ጉርሜሳ።