የጀልባ ቤት፣ የቤት ጀልባ

ማክሰኞ ማታ ነው፣ ያርማውዝ ከተማ፣
ባሕሩ ግንቡን ሲደበድብ እስከ ክፍሉ የሚሰማ፤
ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ጎን፣
ስምንት ሰው ተሰብስቦ ይቆጥራል ቃላትን።

ቤተ መጻሕፍት ስንል እኛ፣ ቤቱ ይቀድማል፣
የመጻሕፍት ቤት ስንል ዞሮ ይከተላል፤
ሁለቱንም ለምደን፣ ማን ፊት ማን ኋላ ሳንል
ኖረናል። እነሱ ጋ ግን ቦታ መሳት ያስከፍላል።

አስተማሪው ሚስተር ተርትል ጡረታ የወጡ ናቸው፤
አርባ ዓመት የአውቶቡስ ትኬት የበሱ ጣቶቻቸው
ዛሬ ጠመኔ ይዘው እየተንቀጠቀጡ ይጽፋሉ፦
«ሁለት ስም ሲቆራኝ ጌታው ኋለኛው ነው፣
ፊተኛው ፋኖስ ያዥ፣ መንገድ አብሪ ነው» ይላሉ።

«ሬስ ሆርስ ብትሉ ፈረስ ነው፣ ድርቆሽ ይበላል፤
ሆርስ ሬስ ብትሉ ግን ውድድር ነው፣
ሲያልቅ ሰዉ ኪሱን ዳብሶ ወደ ቤቱ ይገባል።»

ጊንታራስ የተባለው ሊቱዌንያዊ እጁን አወጣ፦
«ሚልክ ቸኮሌት ግዛ ብላኝ፣ ቸኮሌት ሚልክ ይዤ ብመጣ!
ጠርሙስ ወተት በሪባን አስሬ ለልደቷ
ሰጠኋት፤ ይኸው ዓመት ሆነ፣ አልበረደም ቁጣቷ።»

ሁሉም ሳቀ፣ ጻፈ። ዲዮሊንዳ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።
«እኔ ይህን ትምህርት በሦስት ወር ኪራይ ገዝቼዋለሁ» አለች።

ከፔኒሽ ስትመጣ፣ ከፖርቱጋል ጠረፍ፣
አባቷን ባሕር በልቶት፣ ሬሳው እንኳ ሳይተርፍ፣
«ውኃ ላይ አልተኛም» ብላ ምላ ለእናቷ፣
ሻንጣና ልጅ ይዛ ወጣች ከቤቷ።

ማስታወቂያው አጭር ነው፦ «ሃውስ ቦት፣ ርካሽ፣ ጸጥ ያለ።»
በእሷ ቋንቋ ጌታው ፊት ፊት ነው የሚሄድ፤
ሎሌው ነው ኋላ ኋላ የተከተለ።
ቤት ብላ አነበበች። ጀልባው ከደጅ የታሰረ ጌጥ መሰላት፤
በር አየች በሐሳቧ፤ ደረጃም፣ ትንሽ ሣርም ታያት።
ከፍላ ደረሰች። ወንዙ ዳር፣ ከሸምበቆው መሐል፣
መጋረጃ ያለው አሮጌ ጀልባ ይዋልላል።

አከራይዋ ሚስዝ ኬት ግራ ገባቸው፦ «ልጄ፣
ቦት ብዬ ነው የጨረስኩት። ምን አጠፋሁ እኔ?»

ክፍሉ እንደገና ሳቀ። ተርትል አልሳቁም። ቀና አሉና
ሁለተኛውን ሕግ ጻፉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፦
«ፊተኛው ቃል ሺ ቢሆን እንኳ በነጠላ ይቆማል።
ሠላሳ ሁለት ጥርስ ይኑራችሁ፣
ብሩሹ የአንድ ጥርስ ይባላል።»

ዲዮሊንዳ አሰበች፤ በፈረቃዋ የሚያልፉትን፣
እግራቸው ወደ ላይ፣ ከመንጠቆ የተንጠለጠሉትን።
እልፍ ናቸው። በፋብሪካው በር ላይ ግን «ቺክን» ነው የተጻፈው፤
አንዲት ዶሮ፣
ብዛቷን ደጅ ጥላ የገባች ነው የምትመስለው።

ተነሣች። ጻፈች። «ቺክን ፋክተሪ ወርከር።»
«ጌታው ማነው ከሦስቱ? አስምሪበት» አሉ።
መጨረሻው ላይ አሰመረች። ራሷ ላይ።
ጠመኔው ተሰበረ።

«በኛ ቋንቋ እኔ እቀድማለሁ፣ ዶሮዋ ናት ጭራ፤
እዚህ ዶሮዋ ፊት፣ ፋብሪካው መሐል፣ እኔ ወደ ኋላ።»
«ኋላ ያለው ነው ዋናው» አሉ ሽማግሌው በትሕትና፤
«ፊት ያሉት አንቺን ሊገልጹ ነው የቆሙት።»
«ይህን ለአለቃዬ ይንገሩልኝ» አለች፣ «ሰዋስው አያውቅምና።»

ሌሊት፣ ልጇ አዴሊኖ ከተኛ በኋላ፣
ባልዲ ይዛ፣ ጉልበቷን በላስቲክ ጠቅልላ፣
ከወለሉ ስር የሰረገውን ትቀዳለች።
ቤቱ ፊት፣ ጀልባው ኋላ። ትክክል ነው፤ አሁን ገብቷታል።
ውኃው ግን አልተማረም፤
ከፊትም ከኋላም ይመታል።