ዋስ የሌለው ይቅርታ

ላይፕዚግ፣ መስመር ዘጠኝ፣ ሲጋመስ የካቲት፣
ጓንቴን በጥርሴ ነክሼ መቅጃዬን ስጭናት፣
ከጣራው ብረት መሐል ያቺ ሴት ተናገረች፤
«የሐለው ባቡር ሃያ ደቂቃ ይዘገያል፤ እናዝናለን» አለች።

ሴት ማለቴ ልማድ ነው፤ ሰው አይደለችም ሴቲቱ፣
ብጥስጣሽ ድምፅ ናት፣ የተሰፋች በየሰዓቱ።
አንዲት ተዋናይት ድሮ ስቱዲዮ ገብታ ኖሮ
ቁጥሩን ሁሉ አንብባ ሄደች፤ ሐዘኗ ቀረ በሽቦ ታስሮ።

እኔ ሦስተኛ ዓመት፣ የኮሙኒኬሽን ተማሪ፣
ጓደኞቼ ስለ ምርጫ ቅስቀሳ ሲጽፉ፣ እኔ ይቅርታ ቆጣሪ።
ሁለት መቶ አሥራ አንድ ጊዜ አዘነች በአምስት ሳምንት፤
ሰንጠረዥ ሠራሁላት፣ በመስመር፣ በቀን፣ በምክንያት።
ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ «እናዝናለን» ስትል
«እኛ» ማን ነው? የማን ሆድ ነው የሚባባ፣ የማን ልብ ነው የሚቆስል?

ዶክተር ሬናተ ረቂቁን ተቀብለው አገላበጡት፤
«ንድፈ ሐሳብሽስ?» አሉ፣ መነጽሩን አወለቁት።
የግሪኩን አንብቤ ነበር፣ የሮማውንም፤
ግን አንድ ሰው አብሮኝ መጥቷል፣ በመጽሐፍ የማይገኝ የትም።

የአያቴ ወንድም ጓንጉል፣ የደብረ ታቦር ጠበቃ፣
ሸማውን አደግድጎ «በላ ልበልሃ!» ሲል ያንቀላፋ ዳኛ የሚነቃ፤
ዘንጉን ወደ ባላጋራው ቀስሮ «ዋስ ጥራ!» ይል ነበር፤
ያለ ዋስ የተነገረ ጩኸት እንጂ አይደለም ነገር።
ቃሉ ቢታጠፍ የሚከፍል፣ በቃሉ ፈንታ የሚቆም ሰው
ስሙ ካልተጠራ በቀር፣ የሚሰማ ጆሮ የማን ነው?

ይኼን ጻፍኩ። «ዋስ የሌለው ይቅርታ» አልኩት ምዕራፉን።
ዶክተር ሬናተ በእርሳስ አሰመሩበት ጎኑን፤
«ያምራል። ምንጩስ?» «የአያቴ ወንድም፣ በቃል።» «ዓመቱ?»
«ከሞተ ቆየ።» «ገጹ?» ሳቅን፤ ሁለታችንም በየምክንያቱ።

ከዚያ ያ ሐሙስ ሌሊት፤ በረዶ ሽቦ የበጠሰበት፣
ሰሌዳው ጠፍቶ፣ ሴቲቱም ዝም ያለችበት።
ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ፤ መጀመሪያ የሽማግሌ ሳል፤
ቀጥሎ በሳክሰን ዘዬ የታኘከ፣ ግማሹ የተዋጠ ቃል፦
«ኖአክ ነኝ። ከላይ፣ መስኮቱ ጋ ያለሁት።
ባቡሩ የት እንደደረሰ እኔም አላወቅሁት።
ደወልኩ፤ የሚያነሣ የለም። መስመር አራት ላይ ግን አሁን
አንድ ባዶ ፉርጎ ከፍቻለሁ፤ ይሞቃል፤ ሂዱና ግቡ፣ ሕፃናቱ ይቅደሙን።
ማን ፈቀደላችሁ ቢሏችሁ፣ ኖአክ ነው በሉ።»
መቶ የሚሆኑ አንገቶች ወደ ጣራው ቀና አሉ፤
አንዲት አሮጊት የአኮርዲዮን ሣጥን ጎትታ እየሄደች
«አመሰግናለሁ፣ ኖአክ» ብላ ለብረቱ መለሰች።

በሁለት መቶ አሥራ አንዱ፣ አንድም ሰው መልሶ አያውቅም።
«አንድ ናሙና» አሉ ዶክተር ሬናተ፣ «መረጃ አይሆንም፤
ከሰንጠረዡ አውጪው።» አወጣሁት፤ ግን አልጣልኩትም፤
ወደ ገጹ እግር አወረድኩት፣ የግርጌ ማስታወሻ ሠላሳ አንድ፣ ደቃቅ ፊደል፣ ማንም የማያነበው ቢሆንም።

ጽሑፌን የማቀርብ ዕለት ከሐለ ስመጣ (ኪራይ እዚያ ይረክሳል)
ባቡሩ ሜዳ ላይ ቆመ፤ አንድ ቁራ በመስኮት ያየኛል።
አሥራ አራት ደቂቃ አርፍጄ፣ በሩን ከፍቼ ብገባ
ሦስት ፈታኝ፣ ሦስት ብርጭቆ ውኃ፣ ጠረጴዛው ላይ የደረቀ አበባ።
አፌ ተከፈተና «ስለ መዘግየቱ እና...» ብሎ ጀመረ፤
አምስት ሳምንት የቀዳሁት ድምፅ ጉሮሮዬ ውስጥ አድሮ ነበረ።
ዋጥኩት። በቋንቋዬ አሰብኩት፦ ዘገየሁ። አንዲት ቃል፤
ጫፏ ላይ «ሁ» አለች፤ እዚያ ላይ ቆሜአለሁ፣ እንደ ዋስ፣ ይበርደኛል።

በጀርመንኛ ሲሆን ቃሉ በዛ፤ ቢሆንም አልኩት።
ሁለተኛው ፈታኝ ጽሑፌን ከመጨረሻው ገለጡት፤
«ግርጌ ሠላሳ አንድ» አሉ። «ይኼ ኖአክ፣ አሁንም እዚያ አለ?»
በውጭ ትራም አለፈ፤ ደወሉ አየሩ ላይ ተንጠለጠለ።
ያንን ደረጃ አልወጣሁም። አንኳኩቼ አልጠየቅሁም።
«እኔም» አልኩ፣ «እኔም አላውቅም።»