ልብ ይበሉ

ሁለት ወንዝ ተጋጥሞ አንድ ጭቃ ሲሆን፣
ታናናን ጠቅልሎ ሲነጉድ ዩኮን፣
እኔ ዳር ቆሜያለሁ በላስቲክ ቦት ጫማ፤
ሐምሌ ነው፤ ሌሊቱ አያውቅም ጨለማ።
ቢንቢው እንደ ዶፍ ነው፣ ጆሮዬን ሲነድፈኝ
ቬርኖን ከአውሮፕላኑ ወርዶ ጠየቀኝ፦
"ምንድን ነው ሥራህ?"

ልብ እቆጥራለሁ።

ሳቀ። የምን ልብ?
የዓሣ። ከአውራ ጣቴ ጫፍ ብዙም የማይበልጥ፣
አልኮል በሞላው ብልቃጥ፣ ቁጥር ተለጥፎበት።
ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤
እኔ ሦስት በጋ ጎረጎርሁ፣ ዘንዶም አላየሁ።
ያየሁት ነጭ ነጥብ ነው፣ ከሰሊጥ የሚያንስ፣
ቀዩ ሥጋ ላይ የተበተነ፣
ዘሪው ያልታወቀ።

እዚህ ንጉሥ ይሉታል፣ ይህን ቀይ ዓሣ፤
ባሕሩን ከተወ እህል አያነሣ፤
ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ሽቅብ በጾም ጉዞ፣
ስቡን እንደ ስንቅ በቆዳው ሥር ይዞ፣
የተወለደበት ጠጠር ዘንድ ሊደርስ፣
ከሆዱ እየበላ፣ ከራሱ ሲቀንስ።
እና ይህ ጾመኛ ልቡን ቢታመም፣
ለማን ይናገራል? አፍ አለው፣ ድምፅ የለም።
ሲሞት አይንሳፈፍ፣ ደለል ነው ከፈኑ፤
አልቃሽም የለበት፣ አይታወቅ ቀኑ።

ከአንኮሬጅ "ስንቱ ሞተ?" ብለው ይጽፉልኛል።
እኔ የማውቀው የደረሰውን ነው።
ላልደረሰው ቅጹ ላይ መስመር የለም።

ሎሬታ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው።
ዓሣውን ሰንጥቃ፣ ጎንበስ ብላ ታሸታለች፦
"ይሄ ልክ አይደለም።
ጭስ ቤት ቢከርምም አይደርቅልኝም፣ ዘይቱ ሲያለቅስ ይኖራል።"
ላቦራቶሪው ይህንኑ ይነግረኛል፣
በመስከረም፣ በሦስት ገጽ።

ደንቡ እንዲህ ይላል፦ በየአምስቱ አንድ።
መምረጥ ክልክል ነው፤ ዓይን ያዳላል።
የዚያን ቀን አምስተኛው ደህና ነበር፣
ልቡ እንደ ሮማን ፍሬ የጠራ።
ስድስተኛውን ሎሬታ ከፈተችና ዝም አለች።
ሰሊጡ ሞልቶበታል፤ በጣት ሲዳስሱት ይሻክራል።
"ውሰደው" አለችኝ።
"አልችልም። ስድስተኛ ነው።"
ከኋላዋ የዓሣ መንኮራኩሩ ይዞራል፣
ባዶ ቅርጫት ያነሣል፣ ባዶ ቅርጫት ይደፋል።
"በሽታው መቁጠር ያውቃል?" አለች።

አስረዳኋት። የታመመውን ብቻ ብለቅም
ወንዙ ሁሉ የታመመ ይመስላል፤
ደህናውን ብለቅም፣ ወንዙ ሁሉ ደህና።
"ገብቶኛል" አለችና ሰባተኛውን አነሣች።
ገብቷታል። እኔም ልክ ነበርሁ።
ልክ መሆኔ ግን እጄ ላይ ሸተተ፣
በሳሙና ሁለቴ ታጥቤም።

ሌሊት በሚሉት በዚያ ብርሃን ውስጥ
ቅጹን አወጣሁ። ዓምዶቹ በእንግሊዝኛ ሞልተዋል።
በኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፣ በራሴ ፊደል፦
ልብ ይበሉ፤ ስድስተኛው።
ጠዋት ሎሬታ አየችው። "ምን ይላል?"
ይህ ቋንቋ "አስተውል" ለማለት "ልብ በል" ይላል፣ አልኋት።
ጥቂት አሰበች። "የማንን ልብ?"
መልስ አልነበረኝም። ቢላዬን አጠብሁ።

ቬርኖን ማቀዝቀዣ ሣጥኑን ሲያነሣ "ቀላል ነው" አለ።
አርባ ልብ ነው፣ ቁጥር ያለው።
አንድ ደግሞ ኪሴ ውስጥ፣ ቁጥር የሌለው።

በከርሞው በጋ ማጥመድ ተከለከለ፤ ንጉሡ እጅግ አንሶ ነበር።
መንኮራኩሩ ዳር ላይ በገመድ ታስሮ ቆመ፤
ጭስ ቤቱ ውስጥ የሎሬታ የልጅ ልጅ
ብስክሌቱን ያሳድርበት ጀመር።
በየሳምንቱ ቅጹን ሞላሁ፦
የተመረመረ ዜሮ፣ የታመመ ዜሮ።
ከአንኮሬጅ "መልካም ዜና ነው?" ብሎ
አዲስ የተቀጠረ ልጅ ጻፈልኝ።

ብልቃጧ መስኮቴ ላይ ናት።
አልኮሉ ቢጫ ሆኗል፣ ነጥቦቹ ግን እንደ ነጡ ናቸው።
መልሱን ገና አልጻፍሁለትም።