ያለ ትርጉም

መብራት ሄዷል። ላፕቶፑ አርባ በመቶ ይዟል፣
ልጄ ግራ ጡቴን ይዛ አንድ ዓይኗ ፈዝዟል።
ይበልጣል ነው ያመጣልኝ ከባሕር ዳር፣ በፍላሽ፣
«እቴ፣ እንቅልፍ ካጣሽ አይቀር፣ ይችን አምሺ እያየሽ»
ብሎ። ፊልሙ በፈረንሳይኛ ነው፤
ከሥሩ ጽሑፍ የለው፣ ተርጓሚ የለው።
አንዲት ቃል አላውቅም፣ «ማማ» ካልሆነች በቀር፤
እሷማ ያው ናት፣ የትም አገር።

ሴትዮዋ ትኖራለች ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣
መስኮቷ የሚያየው መስኮት ነው፣ አያይም ሰማይ።
ልጇን ታስተኛና ስልኳን ታበራለች፣
ጣቷ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ታነባለች።
ታነባለች፤ ፊደል ይሁን እንባ
ከፍኖተ ሰላም ሆኖ ለሚያይ ሰው አይገባ።
ከስልኳ ውስጥ ይነድዳል ጫካ፣ ይሰምጣል ከተማ፣
አንድ ባለ ከረባት ይናገራል፤ ልጇ ታለቅሳለች፣ አትሰማ።
ኋላ ትሰማለች። ብድግ ትላለች ደንግጣ፣
ጆሮዋን ከትንሿ ደረት ትለጥፋለች፣ ትንፋሽ እንዳይታጣ።

ይህችን አውቃታለሁ።
እኔም ትናንት ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ፣
ከአፍንጫዋ ሥር መዳፌን ዘርግቼ
ሞቅ እስኪል፣ የራሴን ትንፋሽ ዘግቼ።

እኛ ዘንድ ዘጠኝ ፎቅ የለም። ኔትወርክም ከጠፋ ቆየ፤
ወሬ ግን በባጃጅ ይመጣል፦ ማን ሄደ፣ ማን ተለየ፣
የትኛው መንገድ ተዘጋ፣ የልጆች ሽሮፕ የት ጠፋ።
የተሰጣ በርበሬ ላይ በጥር ዝናብ አካፋ፣
ላህ ወንዝ ፌስታል ተሸክሞ ይወርዳል፣
ሌሊት ሌሊት በሰማይ የሚያልፍ ድምፅ አለ፤ ንብ ይመስላል፤
ንብ ግን ሌሊት አይበርም።

የወሊድ ፈቃዴ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀረው። ከዚያ ባንክ፣ መስታወት፣
የሰው ብር ስቆጥር ሸሚዜን ቢያርሰው የልጄ ወተት
ምን እላለሁ? መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ይቅርታ፣ እንደገና፣
መቶ…

አጠገቤ አንሙት ያንኮራፋል።
ስሙን እናቱ ናት ያወጣችው፣ ከሱ በፊት ሦስት ቀብራ፣
ጋዜጣ ሳታይ፣ ስልክ ሳይኖራት፣ አዋቂ ሳትጠራ፣
«አንሙት» አለችው።
ለእራት በጠራችው ቁጥር ለመነች፣
ከትምህርት ቤት ሲዘገይ ደጅ ቆማ ለመነች፣
ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ «የታለ?» ሲላት
መልሷ ራሱ ጸሎት ሆነባት።
ባለ ወፍጮው ቢተው ነው፣ ባለ ባጃጁ ማስረሻ፤
በዚህ መንገድ ሰው ሲጠራራ፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ፣
የሚሰማው የእናቶች ሥጋት ነው።
እኔ ግን አዲስ መስሎኝ ነበር፣ ከስልክ ጋር የመጣ፣
ከፎቅ፣ ከፋብሪካ፣ ከማናውቀው ጣጣ።
ለካ ስም ነበረው።

የኔዋ ገና ስም የላትም። ክርስትናዋ ከነገ ወዲያ ነው።
አማቴ አንድ ይዛለች፣ አንሙት ሌላ፣
እኔ ባዶ እጄን ነኝ። የምፈራውን ሁሉ ላሸክማት?
ወይስ ልደብቃት?

ዐሥራ አንድ በመቶ። ሴትዮዋ በሊፍት ወረደች፣
ጫማዋን ረስታ ዝናብ ላይ ቆመች፣
ልጇን ከሹራቧ ሥር አወጣቻት፣ ጠጋ አለች፣
በጆሮዋ አንዲት አጭር ቃል አለች።
ስሟ ይሁን፣ «አይዞሽ» ይሁን፣ «ይቅር በይኝ» ይሁን፣
ሳልለይ ላፕቶፑ ጠፋ። መጨረሻውን
አላየሁም።

የሶላሯ ጭላንጭል ከጀርባዬ ሆና
በጠቆረው ስክሪን ላይ ሁለት ሰው አሳየችኝ፤
አንዷ ትልቅ፣ አንዷ ትንሽ፣ የሁለቱም ፊት ግማሽ።
ያችን ቃል ሳልረሳት፣ እንደሰማኋት አፌ ላይ ይዤ
በልጄ ጆሮ አልኳት፣
ያለ ትርጉም።

አነጠሰች።
ዞር ብላ ሌላኛውን ጡት ፈለገች።