በአንድ መስመር

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ፣ አስፋልት በሚያልቅበት፣
ሲኖትራክ ከካባው ጠጠር በሚያግዝበት፣
አንዲት ክፍል አለች። በሯ ላይ ያኔ
«ቤተ ሙከራ» ብዬ ጽፌ ነበር እኔ።
«ቤተ» ታጥቦ ሄደ፤ ዝናብ አይምር ቀለም፤
«ሙከራ» ብቻ ቀርቷል። ውሸትም አይደለም።

አርባ ስምንት ተማሪ፣ ሚዛን አንድ ለናቱ፣
ካምስቱ ሲሊንደር የተሸረፉ ሁለቱ፣
ድንቹ ከየቤታቸው፣ ስኳሩ ከደሞዜ፣
ቢላው ከሻይ ክበቡ፣ በውሰት፣ ላንድ ጊዜ።

«አምስት ሴንቲ ይሁን፤ ልጣጭ አይኑርበት።
ከመመዘንህ በፊት ውኃውን ጥረግለት፤
መጥረግ አልኩህ፣ ገመቹ፣ መጭመቅ መች አልኩና!
ዝቅ በይ፣ ማስተዋል፣ ጉልበትሽን እጠፊና
ዓይንሽ ከውኃው ይግጠም።
ከላይ ያየ ያበዛል፣ ከታች ያየ ይሰርቃል፤
ውኃ ጠርዙ ላይ ትንጠላጠላለች፣ ልኳ ግን ሆዷ ላይ ነው።»

እንዲህ ስል እውላለሁ። ድምፄ እንደ ጠመኔ
ተፍቆ ያልቃል።

ድንቹ ውኃ ውስጥ አደረ፤ በማግስቱ ተመዘነ።
መጽሐፉ «ይከብዳል» ይላል፣ ውኃ ጠጥቷልና።
የሰባቱ ቡድን ድንች ከበደ፣ እንደታዘዘ።
የሌሊሴ ቡድን ድንች ቀለለ።

ክፍሉ ሳቀ። «ድንችሽ ጾም ይዟል?» አላት አንዱ።
ደወሉ ሳይደወል፣ ላጲሶች ሲሄዱ
ሲመለሱ አየሁ፣ እጅ ለእጅ ሲዞሩ፤
የየቡድኑ ቁጥር ቆመ በየመስመሩ፣
እንደ ጠዋት ሰልፍ፣ ትከሻ ለትከሻ፣
አንድም ያፈነገጠ የለም እስከ መጨረሻ።

ሌሊሴ ላጲስ አልተዋሰችም።
«እኔ ያየሁት ይሄን ነው» አለች። «ልሰርዘው?»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ኮሌጅ ሳለሁ፣ ማታ፣
አንዲት ሰባት ነበረች፣ በዘጠኝ ተተክታ፤
የመጽሐፉን ባቄላ እንድትመስል ብዬ
ባቄላዬን በእስክሪብቶ ሁለት ሴንቲ አሳደግኋት።
ጥሩ ውጤት አገኘሁ። ይኸው ሃያ ዓመቴ፣
ያቺ ሰባት ትመዝነኛለች፣ እየመጣች በሌሊቴ።

«አትሰርዢው» አልኳት። «በአንድ መስመር አቋርጪው፤
ከሥሩ ይነበብ። ከጎኑ ምክንያቱን ጻፊው።»

ምክንያቱን? ቀድማ ጽፋዋለች፣
በደብተሯ ጠርዝ፣ እንደ ጉንዳን በደቀቀ ፊደል፦
አራት ሰዓት ከሩብ። መኪና አለፈ። ቁጥሩ ዘለለ።
አልጠበቅኩም፤ ወረፋው ረጅም ነው።

ሚዛኑን መስኮት ሥር ያኖርኩት እኔ ነኝ፣
ብርሃን ይሻላል ብዬ።
ዓመት ሙሉ የጠጠር መኪና አብሮን ሲመዝን ኖሯል፣
የአንዱን ሲያከብድ፣ የአንዱን ሲያቀል፣
እኔም በልጆቹ እጅ ሳመካኝ።

አባቷ እዚያው ካባ ድንጋይ ጠራቢ ነው።
ቅዳሜ በጋሪ አንድ ጥርብ አመጣ፣
ለመቃብር ታስቦ፣ ጠርዙ ተሸርፎ የተጣለ።
ከመስኮቱ አርቀን፣ ጥጉ ላይ፣
ከሥሩ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ዘርግተን፣
ሚዛኑን አስቀመጥንበት።
ካባው ሲያንቀጠቅጠን ኖሮ፣ ድንጋዩ አረጋልን።

ሰኞ እንደገና። ሦስት ሦስት ድንች በየብርጭቆው፦
አንድ ብቻውን ይዋሻል፣ ሁለት ይከራከራል፣
ሦስተኛው ይዳኛል።
የሌሊሴ ሁለቱ ከበዱ። አንዱ ምንም አልጨመረ።
ገመቹ ቀና ብሎ አየኝ፤ «እንዳለ ይጻፍ?»
«እንዳለ ይጻፍ።»

ከዚያ መስታወቱ ተንቀጫቀጨ፤ ሲኖትራክ መጣ።
ማንም ሳይነግራቸው
አርባ ስምንት ልጆች እጃቸውን ከጠረጴዛ አነሱ፣
ትንፋሻቸውን ዋጡ፣
አቧራው መንገዱን እስኪሻገር ጠበቁ።
ቁጥሯ ወዲያ፣ ወዲህ፣ ወዲያ፣
ቆመች።
«አሁን» አለች ሌሊሴ።