ልዋጭ

አጎቴ ጥጋቡ አልፋ ሮሜዮ ተወልኝ፣
ሞተሩ ሳይደክም ካምቢዮው ያስቸገረኝ።
ሦስተኛ ሳስገባ ጥርስ ይፋጫል፣ ይጮኻል፤
«ጤፍ ነው በቆሎ?» ሲል ሊስትሮው ይስቅብኛል።

ሽምብጥ ጋራዡ ውስጥ አንሙት ማርሹን ፈቶ፣
ስባሪ ቆጠረ ጋዜጣ ዘርግቶ፦
አራት ጥርስ።

አዲስ አበባ ደወልኩ፣ ሶማሌ ተራ፤
«የየት ዘመን ነው?» ብለው ሳቁብኝ በተራ።
አንዱ የፊያት ላከ በአውቶብስ ጣሪያ፣
አልገጥም ቢል ሆነ የበር መደገፊያ።
ጎንደር ላይ አንድ ሰው አለው ሲሉኝ ሄድኩኝ፤
«ለቁራሌው ሸጥነው፣ ባለፈው ሰኔ» አሉኝ።

ሰባት ወር መኪናው ቆመ።

አንድ እሑድ ጧት ጣና ዳር
ዓሣ አጥማጁ እንድሪስ መልሕቁን ሲጎትት፣
ከገመዱ ጫፍ የወጣው
ካምቢዮ ነበር። ያው የእኔው ዓይነት፣
አረንጓዴ ለብሶ፣ ውኃ እያንጠባጠበ።
«ያባቴ ነው» አለኝ። «ድንጋይ ይመስለኝ ነበር።»

አንሙት ክዳኑን ከፈተ።
አምስተኛውን ዝገት በልቶታል፣ ኩሽኔታው ተጣብቋል፤
ሦስተኛው ግን በጠቆረ ዘይት ተኝቶ፣
አንድ ጥርስ ሳይጎድል፣ ሐይቅ ውስጥ ቆይቶ።

«ስንት ልክፈል?» አልኩት። ጀልባውን አየና፣
«ብር ጀልባ አይዝም ሲናወጥ ጣና።
ክብደቱን መልስልኝ።»

የእኔን ጥርሰ ረጋፋ በቦታው ከተትን፣
ክዳኑን ገጥመን ብሎኑን አጠበቅን።
«ይህ ማርሽ» አልኩት፣ «ሰባት ወር መኪና ያቆመ ነው።»
«እንግዲያ ሥራውን ያውቃል» ብሎ ወረወረው።

ማታ፣ አባይ ድልድይ ላይ፣ ሦስተኛ አስገባሁ።
ማንም ዞሮ አላየኝ።